የቁጥር አራት አርባ ቀን

አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት። እኔ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሳንባን በጠመኔ አሳምሬ እሥላለሁ፣ የሲጋራን ጉዳት አስረዳለሁ፣ ደወል ሲደወል ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ሄጄ አጨሳለሁ። አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱ፣ ምን ገዶኝ፤ እኔም በራሴ ፈርጃለሁ።

የአባቴ ሳል ሲብስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠና፣ «አባ፣ ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ ያለሁበት ቤት? ሎቱ ስብሐት! ምን ነካህ ልጄ?» አሉ ተቆጥተው። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፣ ፓኮው ኪሴ ውስጥ ነው። ቤት ስሆን የማጨሰው ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ነው፤ የሽንት ቤቱ መስኮት ደግሞ ከአባቴ መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ነው። ጭሱ የት ይገባ እንደነበር ለማወቅ የባዮሎጂ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ዲግሪው እያለኝ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። በጣም አፈርኩ። አፍሬም ወጣሁና አንድ አጨስኩ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የጤና ጣቢያ ሲስተር ሲጋራ መተው ለሚፈልጉ ሰዎች በስልክ ግሩፕ እንደከፈተች ሰማሁና ገባሁ። እኛ አገር አጫሽ መባል ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰካራም እንኳ የሚመርቀው አያጣም። ስለዚህ ሲስተሯ ስማችንን ትታ ቁጥር ሰጠችን። እኔ ቁጥር አራት ሆንኩ። ስልካችን ላይም አንድ አፕ ጫነችልን። አፑ በየጠዋቱ «ትናንት አጭሰዋል?» ይላል። «አላጨስኩም» የሚለውን ስትነካው ቀን ይቆጥርልሃል፣ ርችት ይተኩስልሃል፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሳንባዎ እየታደሰ ነው!» ብሎ ለግሩፑ ሁሉ ያበስርልሃል። «አዎ» ካልክ ወደ ዜሮ ይመልስሃል። ሱስህ ሲነሳ የምትነካት ቀይ ምልክትም አለች፤ «በረጅሙ ይተንፍሱ» ትልሃለች። አንዳንዴ ሲጋራው በእጄ እያለ ነክቻት በረጅሙ ተንፍሻለሁ።

በወሩ ሲስተሯ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረችና ግሩፑ ያለ ባለቤት ቀረ። የኛ ሰው ደግሞ አምስት ሆኖ ከተገናኘ ማኅበር ሳይመሠርት አይለያይም። ወዲያው «ሙሴ ይመረጥ» ተባለ፤ የማኅበር አለቃ እኛ ዘንድ ሙሴ ነው የሚባለው። ቁጥር አንድ ተመረጠ። ከዚያ ደንብ ወጣ፦ ሦስት ቀን ድምፁ የጠፋ አባል ቤቱ ድረስ ይጠየቃል፣ ጠያቂም ባዶ እጁን አይሄድም። ሙሴውም ለክፉ ቀን ይሆናል ብሎ የእያንዳንዳችንን ስምና ሰፈር ደብተር ላይ መዘገበ። አያችሁ? እንዳንታወቅ ብለን በቁጥር የተደበቅን ሰዎች፣ የመጀመሪያ ሥራችን ስማችንን ማስመዝገብ ሆነ! አንድም የተቃወመ የለም። የተማርኩት ሰውዬ እኔ፣ «አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ» ብዬ ምልክቱን ጭምር አስጻፍኩ።

እውነት ለመናገር አምስት ቀን ሙሉ ትቼ ነበር። በስድስተኛው ቀን ከተማሪ ወላጅ ጋር ተጨቃጭቄ አጨስኩ። በማግስቱ አፑ ሲጠይቀኝ ጣቴ «አዎ» ላይ ደርሳ ተመለሰች። ግሩፑ ሁሉ እያየ እንዴት ዜሮ እሆናለሁ? «አላጨስኩም» አልኩ። ርችቱ ተተኮሰ። ከዚያ በኋላማ ለመድኩት፤ ጠዋት አጨሳለሁ፣ አጭሼ ስጨርስ አላጨስኩም እላለሁ። ሌሎቹ እየወደቁ እየተነሱ እኔ ብቻ ሽቅብ ወጣሁ። አርባ ቀን ሲሞላልኝ ግሩፑ በእልልታ ተናወጠ። ሙሴው፣ «ቁጥር አራት፣ አርአያችን ነህ። ለአዲሶቹ እንዴት እንደተውክ በድምፅህ መስክርላቸው» አለኝ።

ይሄኔ ነው የጨነቀኝ። ጣቴ ዋሽታ ነበር እንጂ አፌ ገና አልዋሸም ነበር። ምን ብዬ ልመስክር? ኢንተርኔቱን ዘጋሁና ዝም አልኩ። ዝም ስል ያወጣነው ደንብ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው አብረን ቁጭ እንዳልን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሰው፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ። አንደኛው ሸበቶ፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሙሴው ራሱ። ሌላዋ ፀጉር ቤት ያላት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ቁጥር ሰባት። «ተመስገን፣ ደህና ነህ! ሞተ ብለን!» አለችኝ። ጉዴ ፈላ! አልፈውኝ ገቡና የአባቴን መስቀል ተሳለሙ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። የየትኛው ታቦት ማኅበር ናችሁ? የማርያም ወይስ የሚካኤል?» አሉ አባቴ ደስ ብሏቸው።

ሾፌሩን በዓይኔ ጠቀስኩት። አየኝ። መስቀሉንም አየው። ሳይነጋገሩ መግባባት የሚባለው ነገር የዚያን ቀን አልሠራም።

«አባታችን፣ የሲጋራ ነን» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። በመጨረሻም እጄን ያዘና፣ «ልጅዎ አርባ ቀን ሞላው። እኛ ስንወድቅ እሱ አንድ ቀን አልወደቀም» አላቸው።

አባቴ ተነሱና ግንባሬን በመስቀላቸው ዳሰሱኝ። «አርባ ቀን! ጌታ የጾመውን ያህል! ብቻህን ታግለህ፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ! ለዚህ ነዋ ሰሞኑን ደረቴ ቀለል ያለኝ…» ብለው ሳይጨርሱ ሳሉ ያዛቸው። ጎንበስ ብለው ሳሉ፣ ሳሉ፣ ቁጥር ሰባት ውኃ ይዛ ሮጠች፤ መስቀሉ ግን ከእጃቸው አልወረደም።

«ውሸት ነው አባዬ» አልኩ። «ዛሬም አጭሻለሁ። እርስዎ ቅዳሴ እያሉ፣ እዚሁ ጓሮ።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔም አባታችን፣ ከሃያ ቀኔ ስድስቱ የለም» አለ። ቁጥር ሰባት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «የኔም ሁለት ይቀነስ» አለች።

አባቴ ተራ በተራ አዩን። «ሰው ለስልክ ይዋሻል እንዴ?» አሉ። ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ፣ እንግዶቹን አብልተው ሸኙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ እራት ላይ ቀስ ብለው፣ «ነገ እኅትህ ዘንድ ይፋግ ውሰደኝ። አርባ ቀን ስትሞላ፣ የእውነት ስትሞላ፣ መጥተህ ትመልሰኛለህ» አሉኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወሰድኳቸው። እኅቴ አጫሽ መሆኔን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስመለስ ስልኬ ላይ «አዎ» የሚለውን ነካሁና ዜሮ ሆንኩ። አፑ «አይዞዎት!» አለኝ። ሾፌሩ አፑን ስለማያምነው በየጠዋቱ እየደወለ «ትናንት አጭሰሃል?» ብሎ በአፌ ያስመሰክረኛል፤ እኔም አስመሰክረዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄ ለሾፌሩም ለአፑም እውነቱን ተናግሬአለሁ። አሁን አሥራ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በየዕለቱ ሲጋራ ያምረኛል፣ ቤቱ ደግሞ ያለ አባቴ ጭር ብሏል።

ትናንት እኅቴ ደወለች። «ሳሉ እኮ ጠፋ! ጭራሽ ጠፋ! ሌሊቱን ሙሉ ሰላም ነው የሚተኙት» አለችኝ እየሳቀች። «ምን ሆነው ነው ያን ያህል የታመሙት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‹የደብረ ታቦር ብርድ ነው፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ነው የጎዳኝ፤ ወንድምሽማ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘኝ› አሉኝ። ብርዱ ነው አይደል?»

ሾፌሩ እንኳ በፊታቸው አንዲት ቃል መዋሸት አቅቶት ነበር፤ እኚያው አባቴ፣ በስተርጅና፣ ለእኔ ሲሉ ዋሹ። እንባዬ መጣ፤ ስልኩን ከአፌ ራቅ አደረግኩት።

«አዎ» አልኳት በመጨረሻ። «ብርዱ ነው።»