አሥራ ሁለተኛው ጭላዳ

ላሊበላ፣ በደርግ ጊዜ... ጠዋት ለኪዳን ልቀሰቅሳቸው ብገባ አባቴን ግራ ጎናቸው ከድቷቸው፣ አፋቸው ተጣሞ አገኘኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ስሜን መጥራት አቃታቸው።

ጎረቤት ምች ነው አለ። እኔ ግን ምች እንዳልሆነ ወዲያው አወቅኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለዚሁ በሽታ ሳስተረጉም ነበራ... ዛሬ ስትሮክ የምንለው።

ቱሪስት በጠፋበት በዚያ ዘመን እኔን አስጎብኚውን የቀጠረኝ ከወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ አንድ ሐኪም ነው። ሰውየው አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያይ አልመጣም፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያስይዝ ነው። አዲስ አበባ ወስዶ አንጎላቸው ውስጥ አንድ የደም ሥር ይዘጋል፤ ግማሽ አካላቸው ሲደነዝዝ፣ ለሰው ልጅ የሚሆን መድኃኒት ይሞክርባቸዋል። ለሰው ልጅ... ይቺን ቃል ያዙልኝ።

የሰው ልጅ የሆኑት አባቴ ሆስፒታል ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ማኅተሙን ኪሳቸው ከትተው ለስብሰባ ወልድያ ወርደዋል። ጸሐፊውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።

«አብሽር፣ ሐሙስ ይመለሳሉ» አለኝ። ቀኑ ሰኞ ነው።

የጭላዳዎቹ ወረቀት ግን ከተሟላ ሳምንቱ። አሥራ ሁለት ጭላዳ፣ ለሕክምና ጉዳይ፣ ያለ እንግልት ይለፉ... ፊርማ፣ ክብ ማኅተም። የጭነት መኪናውም ቆሟል። ሾፌሩን አባቴን ጫንልኝ ስለው በሩ ላይ የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ፦ ሰው መጫን ክልክል ነው።

ሲጭኑ ግን አንዱ ኮርማ ጭላዳ የሳጥኑን እንጨት ሰብሮ ወጣ። ዞር ብሎም አላየንም፤ ገደሉን ይዞ ወረደ።

ይሄኔ ጸሐፊውን ላብ አጠመቀው። ወረቀቱ አሥራ ሁለት ይላል፤ እንዳያርመው ማኅተም የለም። አሥራ አንድ ሆነው ኬላ ቢደርሱ የመንግሥት ንብረት ያስመለጠው ፀረ አብዮት ማን ሊባል ነው? ቁጥሩ እንዲሞላ አባቴን ጫን አልኩት። ተቆጣ። ቀጥሎ አሰበ። ቀጥሎ ሾፌሩን ገሥጾ፣ ራሱ በእግራቸው በኩል ይዞ ጫናቸው።

ኩልመስክ ኬላ ላይ ጠባቂው ቆጠረ። አሥራ አንድ ሳጥን... በመካከላቸው ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን ያላወለቁ አባቴ።

«አሥራ ሁለተኛው የታለ?»

በአገጬ ወደ አባቴ ጠቆምኩት።

«እኚህማ ሰው ናቸው።»

«ጓድ፣ ሰው ናቸው ካልክ ወረቀት የላቸውም፤ ታወርዳቸዋለህ። ጭላዳ ናቸው ካልክ ግን ተሟልቷል።»

ወረቀቱን ገለበጠ። አባቴን አየ። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይለፉ፣ አባ» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገ።

መንገድ ላይ ስናርፍ የውጭ አገሩ ሐኪም ከጋቢናው ወርዶ የአባቴን ግራ እጅ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። እጃቸው ዱብ አለ። ደብተሩ ላይ ጻፈ።

«ይህንን በአንድ ጭላዳ ላይ ለመሥራት ስንት ወር እንደክማለን መሰለህ!» አለኝ በአድናቆት።

አባቴ በነፃ ሠርተውታል፣ እንግዲህ ያክሟቸው አልኩት። የእሱ ድርሻ በሽታውን መሥራት ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳኝ። አባቴ በግማሽ አፋቸው ምን አለ ብለው ጠየቁኝ... ይድናሉ ብሏል አልኳቸው። አስጎብኚ ነኝና ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ጥርሴን ነክሼ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደውን ሄዱ። ተረኛው ሐኪም አንድ የደከመው ወጣት ነው፤ የሚችለውን አደረገ። የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ገና እየተፈለገ ነው አለኝ አንገቱን ደፍቶ። አባቴ በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ።

በወሩ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ስለ መሪጌታ አይደለም። አሥራ ሁለተኛው ጭላዳ የት እንደገባ አስተርጓሚው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይላል። ተቀምጬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መለስኩ፦ «ሆስፒታል ደርሶ፣ መድኃኒት ሲጠብቅ ሞቷል።»

መልሱ አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ። ለሳይንስ የተከፈለ መሥዋዕትነት ነው፣ መሥሪያ ቤታችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል የሚል ደብዳቤም ደረሰኝ።

ለአባቴ ሞት ከመንግሥት ያገኘሁት የሐዘን መግለጫ እሱ ብቻ ነው።