ጭቃው እስኪደርቅ

ጎረቤቴ ሰሞኑን ቤቱን ያስመርጋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ስለ ቦካ ሽታው አጥር ዘሎ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይመጣል። ልጆቼ "እማዬ፣ በሩን እንዝጋልሽ?" ይሉኛል። ተዉት እላለሁ። ይህ ሽታ እንደሚያስለቅሰኝ ለእነሱ አልነገርኳቸውም፤ ለአንተ ልንገርህ።

ያን ክረምት ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። እኛ የምንኖረው ከቡሬ ብዙም በማይርቅ መንደር ነበር። አባቴ ጫካ ገብቷል። ለመንደሩ የተነገረው ግን ጨው ሊሸጥ ፈረስ ቤት ገበያ ሄዶ ወንዝ ሞልቶበት ቀረ ተብሎ ነው። ጫካ የገባ ሰው ቤቱ ይቃጠል ስለነበር እናቴ ይህችን ውሸት እንደ ዳዊት ትደግማታለች። የሚያስፈራት እኔ አልነበርኩም፤ እኔ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፣ ዝም በይ ስባል ዝም እላለሁ። የሚያስፈራት ታናሽ ወንድሜ ነበር። አፉ አያርፍም። ላገኘው መንገደኛ ሁሉ "አብየ ጠመንጃ አለው" ማለት ይወድ ነበር።

ስለዚህ ከቤት እንዳንወጣ ጭቃ አመጣችልን። በእበት የለቀለቀችው ወለል ላይ አንዲት ገለባ ብታይ የምትቆጣ ሴት፣ ከወንዝ ዳር ጥቁሩን ጭቃ በጋን ስባሪ ተሸክማ መሐል ቤት ዘረገፈችው! እስከ ክርናችን ገባንበት። ጭድ ነሰነስንበት፣ አመድ ደፋንበት። በረዶ ሲጥል ከደጅ በገበቴ ዝቀን አመድ ላይ እያንከባለልን "ቆሎ ብሉ" እንባባላለን፤ ቆሎው ግን እጃችን ላይ ይሟሟል። እናቴ እየፈተለች "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ትለንና ትስቃለች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አንድ ቀን ወንድሜ ክንድ የሚያህል ሰው ሠራ።

"አብየ ነው" አለ፤ ትከሻው ላይም የስንደዶ ጠመንጃ ሰካበት።

እናቴ ስንደዶውን መዝዛ እጁ ላይ ሰካችው። "ዱላ ነው። አባትህ ነጋዴ ነው።"

"መቼ ይመጣል?"

"ይኼ ሲደርቅ።"

ብዙ ያሰበችበት አይመስለኝም። በሐምሌ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ እሱ እስኪደርቅ አባታችንም ይደርሳል ብላ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ጠዋት አጎቴ ገሳ ለብሶ በዝናብ መጣ። በረቱ ጥግ ከእናቴ ጋር ቆሞ ጥቂት አወራና ቤት ሳይገባ፣ እህል ሳይቀምስ ሄደ። እናቴ ስትመለስ ዓይኗ ደረቅ ነበር። አባቴ መሞቱን ነግሯት ነው የሄደው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ሌላ ሴት ብትሆን ደረቷን ትደቃለች፣ ፀጉሯን ትላጫለች፣ መንደሩም ተሰብስቦ አብሯት ያለቅሳል። እሷ ብታለቅስ "ጨው ነጋዴው የት ሞተ?" ሊባል ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ወፍጮዋ ላይ ተደፋች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጭቃው ሰው አልደርቅ አለ። ጎሕ ሲቀድ ስነቃ እናቴ ከእንስራው ውኃ በእፍኟ እየያዘች ከራሱ እስከ እግሩ ታርሰዋለች፤ ቀስ ብላ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ብብቱ ሳይቀር። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ መደቡ ላይ ታስተኛዋለች። እሷም እንደኛ ጭቃ መጫወት አማራት ብዬ ደስ አለኝ። ሬሳ ሲገነዝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጎረቤቴ አሁንም ጭቃውን ይረግጣል፤ የእግሩ ድምፅ ይሰማኛል።

አንድ ቀን አንድ ባንዳ ሁለት የጣልያን ሶላቶ አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ።

"እቴ፣ ባልሽ እስካሁን አልተመለሰም?"

"ወንዙ ሞልቶበት ነው ጌታዬ። ክረምቱን እርስዎም ያዩታል።"

ወንድሜ እስከ አፍንጫው በጭቃ እንደተለወሰ ብድግ አለ። "አብየ ይኸውና!" ብሎ የጭቃውን ሰው አነሳ። "ሲደርቅ ይመጣል!"

የእናቴ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ባንዳው የጭቃውን ሰው በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ ሳቀ። "እንግዲያ እስከ መስከረም አትጠብቀው" አለና ሄዱ።

ወንድሜ ይህችን በልቡ ያዛት። በማግስቱ እናቴ ጓዳ ስትፈጭ የጭቃውን ሰው ምድጃው ዳር አቁሞ እሳቱን እፍ ሲል ዋለ። ጀርባው ቢሰነጠቅም ደረቀ።

"እምየ! ደረቀ! አብየ መጣ!" ብሎ ታቅፎት ወደ አጥሩ በር ሮጠ።

እናቴ ወፍጮውን ትታ ደጃፉ ላይ ቆመች። "ና ግባ" አለችው።

ዝናቡ ጀመረ፤ ወዲያውም በረዶ ሆነ። ወንድሜ አልገባም ብሎ መንገድ መንገዱን ያያል። አባቴ እቅፉ ውስጥ ይሟሟ ጀመር። መጀመሪያ ራሱ ሄደ፣ ከዚያ ትከሻው። ወንድሜ በደረቱ ሊከልለው ጎበጠ። እናቴ ሮጣ ደርሳ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ሁለቱንም አቀፈቻቸው። በረዶ እንዲያ ሲወርድ ሰው ከአጥር ማዶ ያለውን አይሰማም። እሷም ይህን ታውቃለች። ያን ጊዜ ጮኸች።

"ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ የልጆቼ አባት! አፈር እንኳ ያላለበስኩህ!"

ተከትያት ወጥቼ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አባቴ መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው።

በረዶው ድንገት ቆመ። የእናቴም ጩኸት ቃሉ ሳያልቅ ቆመ። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ "በረዶው ጎዳችሁ ወይ?" ብላ ተጣራች። እናቴ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች።

"አልጎዳንም፤ ተመስገን" አለቻት።

ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ከዚያ ወዲያ የአባታችንን ነገር አንስቶ አያውቅም። ቤት ገብተን እናቴ ወለሉን ጠራርጋ እንደገና በእበት ለቀለቀችው። የወንድሜን እጅ ግን አላጠበችውም። እሳቱ ዳር ታቅፋው ተቀምጣ፣ ጭቃው ከጣቶቹ ላይ ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ ይዛው ቆየች።