ሳይከራከሩ መግዛት ክልክል ነው

የድርጅታችን ደንብ የወጣው ከአክስቴ ኩርፊያ ነው።

እኔ ተመርቄ፣ በክፍለ ሀገር ከተማችን፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ሥራ ስፈልግ ጫማዬን ጨረስኩ። አክስቴ ደግሞ እዚያው ከተማ፣ አራዳ ገበያ፣ ከአባቷ በወረሰችው ሱቅ አገልግል ትሸጣለች፤ ቆዳ የለበሰ፣ ወጥ ይዞ አገር ቢያቋርጥ ጠብ የማይል። ገዢ ግን ጠፍቷል። "ኢንተርኔት ላይ እናውጣውና በፖስታ እንላክ" ብዬ ለመንኳት።

"ይሁን። የመጀመሪያው ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳታነሽብኝ!"

ተስፋዬ ሁሉ በአንድ አገልግል ላይ ተንጠለጠለ።

ትዕዛዝ መጣ! አዲስ አበባ ያለች ሴትዮ የጻፍኩትን ዋጋ ሳታንገራግር ከፈለች። እልል አልኩ። አክስቴ ፊቷን አጠቆረች።

"ስንት ይቀነስ አለች?"

"ምንም።"

"ምነው? አሟታል?"

"እትዬ፣ የኢንተርኔት ደንበኛ አይከራከርም።"

"ወላሂ አልልክም! የጠራሁትን ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው ወይ ዕቃዬን ንቆታል፣ ወይ እኔን ፈርቶኛል። ደውይላት!"

ደወልኩ። ስልኩን ነጠቀችኝና ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀቻት። ቀጥላ "በይ እንግዲህ፣ 'ይቀንሱ' በይኝ!" አለቻት። አለቀልኝ፣ ሴትዮዋ ገንዘቤን መልሱ ልትል ነው ብዬ ጥፍሬን በላሁ።

"እሺ... ትንሽ ይቀንሱልኝ" አለች ፈራ ተባ እያለች።

"እንዴት ተደርጎ! የቆዳውን ዋጋ ታውቂያለሽ?" ብላ አክስቴ ጮኸችባት።

ያ አላህ! ራሷ በይኝ ብላ! ደግነቱ ሴትዮዋም ሞቅ አላት። "ክዳኑ ፎቶው ላይ ጠማማ ነው" ብላ ታጣጥል ጀመር። አክስቴ ማለች፣ ተገዘተች፣ ስልኩን ልዘጋው ነው አለች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተሳስቀው ተስማሙ። የቀነሰችውን መለስንላት፤ ለምራቂም ነጭ ሽንኩርት ጨምራ ላከችላት።

ደንቡን በማግስቱ ገጻችን ላይ ለጠፍኩት። ሰው ያነበውና ስቆ ይደውላል። ሱቁም ነፍስ ዘራ።

ሰንበት ብሎ ያችው ሴትዮ ሌላ አገልግል አዘዘች። አክስቴ ደንግጣ ደወለች።

"ምነው፣ ያኛው ተበላሸ እንዴ?"

"ኧረ ሸጋ ነው። ከእርስዎ ወዲህ ደውሎ ጤናዬን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ልከራከር ብዬ ነው።"

አክስቴ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

"አሁንስ አልቀንስም!" ብላ ጮኸችባት።