የሺን በስሟ ፈልገን ስናጣት

ሐይቅ ከተማ፣ ጋሽ ይመር ኮምፒውተር ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተቀበለኝ ቁጣ ነው። ከድረ ገጽ መረጃ የሚለቅም ኮድ ጻፊ ተባልኩና መንገዱን በቁጥር ጻፍኩት፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው ሳጥን ብዬ። ጋሽ ይመር አዩና፣ ነገ አንድ ረድፍ ቢጨምሩበት ምን ልትለቅሚ ነው አሉኝ። ቃሉን ፈልጊ፣ ከጎኑ ያለውን ሳጥን አምጪ። ኤክስፓዝ የሚባለው የመፈለጊያ ቋንቋ ይኸው ነው፤ ሰፈር ገብቶ የሰው ቤት እንደመጠየቅ።

በዚያ ሰሞን ሥራችን ዐረብ አገር ሄደው የጠፉ ልጆችን መፈለግ ነበር። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት እዚያ በከፈተው መጠለያ ያሉትን ልጆች ስምና የትውልድ ቦታ፣ ከመጠለያው ስልክ ጋር በድረ ገጹ ያወጣል። ገጹ መዓት ነው፣ መፈለጊያ የለውም። የእኛን አገር ልጆች እየለቀምን ለቤተሰብ እንነግራለን።

እትዬ አስካለ ከአምባሰል መጡ። ልጃቸው የሺ ድምጿ ከጠፋ ከርሟል፤ በሕይወት መኖሯን እንኳ የሚነግራቸው አጥተዋል። ስሟን ከነአባቷ ኮዱ ውስጥ አስገባሁ። ባዶ። ደገምኩት፣ ባዶ። ኮዱ ደግሞ እንከን የለውም። የለችም ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ይመር ገላመጡኝ። ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ፓስፖርቱ በማን ስም ወጣ?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ናቸው አባት የሆኗት። ለዐረብ አገር የእስላም ስም ይሻላል ቢሉን ዘሐራ ሰይድ ተብላ ሄደች። የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

ወይ እኔ! ግማሹ አብሮ አደጌ በሰው ስም ባሕር የተሻገረ፣ ይህን መጠየቅ ይጠፋኛል? ዘሐራ ሰይድ ስል ብዙ መጣ። የትውልድ ቦታው አምባሰል የሆነውን ብቻ የሚል ማጣሪያ በቅንፍ ጨመርኩበት። አንድ ረድፍ ቀረ።

ጋሽ ይመር መጠለያው ደውለው ልጅቱን አስጠሩና ስልኩን ሰጧቸው። እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የሺዬ?»

ወዲያ ማዶ ሳግ ሰማን።

«እማ፣ በስሜ ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ!»

እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ጋሽ ይመር ደህናውን ፕሪንተር ከፍተው መጠገን ጀመሩ።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ኮዱ ባዶ ሲመልስ ሰውዬው የለም ማለት አይደለም እላቸዋለሁ። አስቀድማችሁ፣ ዘመድ ፍለጋ የመጣውን ሰው ደግማችሁ ጠይቁ።