የኡርጌ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል

የሯጭ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ትምህርት ቤቱን ሩቅ ያደርጉታል። ልጅቷ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጣ ትሄዳለች፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጣ ትመለሳለች፣ ከዚያ ወርቅ። የኡርጌ ቤት ግን ሸነን በምትባል ከአምቦ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተጣበቀ ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላ ተነስታ ትደርስ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። የምትሮጠው ስለምትወድ ብቻ ነው። የጎዳትም ይኸው ነው፤ ሰው የሚወደውን ነገር በነጻ ሲያሠሩት ቶሎ አይነቃም።

እኔ ከበበው እባላለሁ። አምቦ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ የሚኒባስ ሾፌር ነበርኩ። የአትሌቲክስ ቡድኑን ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶ፣ ወደ ጊንጪ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። የኡርጌን ሩጫ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ኡርጌ መምህርነት ልትማር የመጣችው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ ነበር፤ ልምምድ የሚደረገውም ጸጥ ባለ ቀን ብቻ ነው። አንድ ማለዳ አሰልጣኝ ታምራት በጉደር መንገድ ሲያስሮጣቸው እኔ በሚኒባሱ ከኋላ እከተል ነበር። አዲሷ ልጅ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወንዶቹን አልፋ ሄደች። ታምራት ከጎኔ ተቀምጦ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«ወርቅ አገኘህ» አልኩት።

«ወርቅስ አለኝ። ያጣሁት ወርቁን የሚጎትትልኝ ነው» አለኝ።

ወርቁ ሴና ነበረች፣ የእህቱ ልጅ። ሴና ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ላይ የሚያክላት አልነበረም፤ ፊት ሆኖ መምራት ግን ትፈራለች። ከፊቷ ሰው ካላየች እግሯ ይተሳሰራል። ስለዚህ ታምራት ኡርጌን ጠርቶ ሥራዋን ነገራት። የአምስት ሺህ ሜትር ሩጫ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ስምንቱን ዙር ኡርጌ አክርራ ትመራለች፤ ሌሎቹ ሲዝሉና ሴና ከጀርባዋ ተደብቃ ስትደርስ፣ ኡርጌ ጎኗን እንደወጋት ሆና ትወጣለች። በትልልቅ ውድድር ይህን የሚሠራ ሰው አሯሯጭ ይባላል፤ ደመወዝም አለው። የእኛዋ ደመወዟ የቡድኑ መኝታና ምግብ ነበር፣ በላዩ ላይ አንድ ቃል። «ሦስተኛ ዓመት ላይ ውድድሩ ያንቺ ነው» አላት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሰልጣኝ ሜዳው ጠርዝ ላይ እንዲቆም አይፈቀድለትም፤ ሾፌርን ግን ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ምልክቱ እኔ ሆንኩ። ከማዶ ባለው መታጠፊያ እቆማለሁ። ስምንተኛው ዙር ሲሞላ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ኡርጌ ታያለች፣ ጎኗን ትይዛለች፣ ትወጣለች። ቅጽል ስሟንም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ከባድ መኪና ጎታችና ተሳቢ አለው፤ አንድ ቀን ለቀልድ «ጎታቿ መጣች» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ከቡድኑ በስሟ የሚጠራት ጠፋ። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ከልቧ አልነበረም።

እናቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ሸነን ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ልጃቸው ስትሮጥ ለማየት በአውቶቡስ አምቦ ድረስ መጡ። አዲስ ነጠላ ለብሰው መታጠፊያው ላይ ከእኔ አጠገብ ቆሙ። ኡርጌ እየመራች በፊታችን ባለፈች ቁጥር ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ኢንተላ ኮቲ፣ ልጄ እኮ ናት» ይላሉ። ስምንተኛው ዙር ሞላ። እሳቸው እዚያው አጠገቤ ቆመው ሳለ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ኡርጌ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎኗን ይዛ ወጣች። ተመልካቹ ሳቀ። አንዱ «ጎታቿ ነዳጅ ጨረሰች» ሲል የበለጠ ሳቁ። ወይዘሮ ወርቂቱ እየሮጡ ሄደው ሳሩ ላይ አቀፏት።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ ልጄ?»

«ጎኔን ወጋኝ፣ አዮ» አለች እናቷን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው ለልጃቸው ጎን ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በየወሩ በአውቶቡስ ይልኩ ነበር። ከመናኸሪያ ተቀብዬ የማደርስላት እኔ ነኝ። ኡርጌም ለሌለባት በሽታ ትጠጣው ነበር።

ሦስተኛው ዓመት መጣ፣ 2011። በግንቦት የኮሌጆች ውድድር አምቦ ላይ ሊደረግ፣ ከአዲስ አበባም የአንድ ክለብ ሰው ሯጭ ሊመርጥ እንደሚመጣ ተሰማ። ክለብ መግባት ማለት ሩጫ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ክለቡ ግን የተመዘገበ ሰዓት ይጠይቃል። ኡርጌ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተወዳድራለች፤ በአሥራ አንዱም የውጤት ወረቀት ከስሟ ፊት ለፊት የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ አቋርጣለች። ከዚህ በኋላ ደግሞ ተመርቃ ወደምትመደብበት ገጠር ትሄዳለች፤ ሌላ ውድድር የለም። ታምራት ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራትና «ዘንድሮም ትመሪያለሽ። ሴና ከገባች አንቺንም ትስብሻለች» አላት። ተሳቢ ጎታችን እንዴት አድርጎ እንደሚስብ አልነገራትም።

ከምሳ በኋላ ሚኒባሱን ሳጥብ መጣች።

«ኦቦ ከበበው፣ ቅዳሜ ኮፍያዎን አያውልቁ።»

«ታምራት ቢያይስ?»

«ይይ። እርስዎ ካወለቁ ግን እግሬ ይቆምብኛል። ሦስት ዓመት ለምዶታል፤ እኔ እንቢ ብል እሱ እሺ አይለኝም።»

«ምን ልታገኚበት ነው?»

«ሰዓቴ ይጻፍልኝ። አንደኛ ባልወጣም ግዴለም። ገብታለች ብለው ይጻፉልኝ» አለች።

እሺ አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ፣ ቤት የሰጠኋት ይመስል።

ቅዳሜ ጠዋት መታጠፊያዬ ላይ ቆምኩ። ስምንተኛው ዙር ሲሞላ እጄ በልማድ ተነሳ፤ ይዤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኡርጌ ዓይኗን ኮፍያዬ ላይ ተክላ መጣች፣ አየች፣ አለፈች። ዘጠነኛ። አሥረኛ። ታምራት ከማዶ እጁን ሲያወናጭፍ ይታየኛል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሴና ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ነበረች፤ እንደ ልማዷም መጨረሻው ላይ ተነሳች። ኡርጌ አልለቀቀችም። አንድ ክንድ ቀድማት ገባች። ሰዓት ያዡ «አሥራ ስድስት ደቂቃ ከአርባ አንድ» አለ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። ኮፍያ ባለማውለቄ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ስደርስ መዝጋቢው ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ኢዮሲያስ የሚባል መምህር ነው፤ ሥራው በየሯጩ ስም ፊት ለፊት ዙር በጭረት መቁጠር ነበር። ኡርጌ ሁሌ በስምንተኛው ስለምትወጣ፣ ስምንት ሲሞላ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «አቋርጣለች» ብሎ ጽፎ የእሷን መቁጠር ትቷል። ወረቀቱ ላይ ስምንት ጭረት ብቻ አለ። ታምራት ይህን እንዳየ ቀዳዳዋን አገኘ።

«ወጥታ ነበር። አንድ ዙር አርፋ ነው የተመለሰችው» አለ።

ዋናው ዳኛ ሴናን ጠየቃት። ሴና መሬት መሬት እያየች «እኔ የራሴን ሩጫ ነው የማውቀው» አለች። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ሙሉ የኡርጌን ጀርባ ስታይ የቆየች ልጅ ናት። የቀሩት ሯጮች ሩቅ ስለነበሩ ማንም አልጠየቃቸውም።

«መታጠፊያው ላይ ማን ነበር?» አለ ዳኛው።

ታምራት ወደ እኔ ዞረ። «ከበበው ነበር። እሱ አይዋሽም» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል፤ የሚታደሰው በታምራት ቃል ነው። ቤት ሦስት ልጆች አሉኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሰው በምን እንደሚገዛ እንድታውቁት ነው።

«ወጥታ ነበር ወይስ አልወጣችም?»

«ወጥታ ነበር» አልኩ።

ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኡርጌ ሳሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ ሰዓቷን ለልጆቹ ትነግራቸው ነበር። አሥራ ስድስት ከአርባ አንድ፣ አሥራ ስድስት ከአርባ አንድ። ሰዓቷ እንደማይጻፍ የነገሯት መዝጋቢው ሳይቆጥርላት ቀርቶ ነው ብለው ነው፤ እኔ ምን እንዳልኩ ማንም አልነገራትም። አልጮኸችም። «ተሳስተው ነው፣ ያስተካክሉታል» እያለች ጠረጴዛውን አጣጥፈው እስኪወስዱት ድረስ እዚያው ጠበቀች። ሴና ክለብ ገባች፤ ሁለት ዓመት ሮጣ ጅማቷ ተጎድቶ ተወች። የእኔ ኮንትራት ታደሰ።

ባለፈው ዓመት፣ 2017 መሆኑ ነው፣ ኮሌጁን ለቅቄ በጭነት መኪና ወደ ሸነን ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። በአንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች በአመድ በተሰመረ ክብ ይሮጣሉ። መሐል ላይ አንዲት መምህርት በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ደብተር ይዛ ቆማለች። ሁሉም ገብተው አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ቀርታለች፤ እየተንፏቀቀች ነው የምትመጣው። መምህርቷ ሌሎቹን ዝም አሰኝታ ጠበቀቻት፤ ስትገባ ስሟንና ሰዓቷን ጻፈች። ከዚያ ቀና ስትል አየችኝ።

«ኦቦ ከበበው!» ብላ እየሮጠች መጣች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ልጆቹ ፊት አቆመችኝ። «ያ የነገርኳችሁ ሰው እሳቸው ናቸው። ስገባ ያዩኝ እሳቸው ናቸው» አለቻቸው።

አንዱ ልጅ «ስንተኛ ወጣች?» አለኝ።

«አንደኛ» አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህንን። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ኡርጌ አፏን በደብተሩ ሸፍና ሳቀች።

ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ወሰደችኝ። ወይዘሮ ወርቂቱ አርጅተዋል። «ጎኗ እኮ አሁን ድኗል፣ ተልባው ነው» አሉኝ። ኡርጌ ማዕድ አቀረበች። ኋላ ኡርጌ ጉዳዩን ነገረችኝ። የአሰልጣኝነት ሥልጠና ሊሰጥ ነው፤ የሮጥሽበትን ውጤት አምጪ ብለዋታል። ከኮሌጁ ያመጣችው ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ «አቋርጣለች» ይላል።

«የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ አለ አሉኝ። የዓይን ምስክር ካቀረብሽ ፋይሉ ተከፍቶ ይታያል ብለውኛል። በዚህ ወር መጨረሻ ምዝገባው ይዘጋል። ከእርስዎ ሌላ ያየኝ የለም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኮፍያዎን ያላወለቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ።

ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ እናትየው ፊት፣ ማዕድ ላይ። አፌን ከፈትኩ።

«ሰኞ አምቦ እንገናኝ» አልኳት።

ወይዘሮ ወርቂቱ እጄን ስመው አንድ ኪሎ የሚሆን ማር በፕላስቲክ ዕቃ አስያዙኝ። እምቢ ብል ይቀየማሉ ብዬ ተቀበልኩ። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አላነሳሁም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራ፤ እየጠበቀችኝ መሆኗን አውቄያለሁ። ማሩን ልጆቼ በሁለት ቀን ጨረሱት።