የሜርቭ ተራ

ቡላንደሪ በምትባል የበግ አርቢዎች ከተማ መጠጥ ቤት ይዤ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ የዚህን አገር ወንድ ጠባይ የማውቀው ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ ነው። እዚህ ማንም ለራሱ ብቻ ቢራ አይገዛም። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ተራውን የሚዘል ሰው ስሙ ይጠፋል። ዳሪል ለምሳሌ ተራው ሲደርስ ሽንቱ ይመጣል። ሜርቭ ትራንተር ግን ተራውን ዘሎ አያውቅም፣ ጉድ ያደረገውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ሜርቭ ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት ወገቡ የተበላሸ ሰው ነው። ሸላቾቹ ከሥራ በኋላ «ለወገባችን» እያሉ ካናቢስ ያጨሳሉ፣ እሱንም እንደ ቢራው በተራ ይገዙታል። ሚስቱ ኖሊን ኩላሊቷ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ዱቦ ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። እሷ መኪና አትነዳም፣ አውቶቡስም የለም። ወስዶ የሚመልሳት ሜርቭ ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆመውና ምራቁን ሲመረምር ካናቢስ ተገኘበት። ፒክአፑ ሲፈተሽ ደግሞ ከወንበሩ ስር ጠርቀም ያለ የካናቢስ ከረጢት ወጣ። ፖሊሱ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው።

«ጋሼ ሜርቭ፣ የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ የሚናገሩት ይመዘገባል» አለው መጀመሪያ። ቀጥሎ «ይሄ ሁሉ ለብቻዎ ነው?»

ሜርቭ የተሰደበ መሰለው። «ለብቻዬ? ስስታም እመስልሃለሁ እንዴ? ተራዬ ስለሆነ ለልጆቹ ሁሉ ነው የገዛሁት!»

«የትኞቹ ልጆች?»

«እሱን ከእኔ አፍ አትሰማም።»

ጓደኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፣ ራሱን ግን አስረከበ።

የፍርድ ቤቱ ቀን ሜርቭን በመኪናዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ «ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልገላገል፣ ነገ ኖሊን ማሽን አለባት» ይላል። ጠበቃ ለሌለው መንግሥት በነፃ የሚያቆመው ጠበቃ በር ላይ አለ ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ዴስፒና የምትባል ወጣት ናት። ክሱን አንብባ ቀና አለች።

«የተከሰሱበትን ያውቁታል?»

«ማጨሴ ነዋ።»

«እሱም አለ። ትልቁ ግን ዕፅ ለሌላ ሰው ማቅረብ ነው፣ ሊያሳስር ይችላል።»

«እኔ በሳንቲም አልሸጥኩም!»

«ለጓደኛ በነፃ መስጠትም በሕጉ ማቅረብ ነው።»

ሜርቭ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ታዲያ ስስታም ብሆን ነበር የሚሻለኝ?»

«ዝም ቢሉ ነበር የሚሻልዎት።»

«ሰው ሲሰደብ እንዴት ዝም ይላል፣ ልጄ?»

ልትስቅ ብላ ተወችው። የጓደኞቹን ስም አልጠየቀችውም፤ እኔ በዚህ ወደድኳት። ዛሬ ምንም እንዳይል፣ ቀጠሮ እንደምትጠይቅለት፣ እስከዚያ ከኖሊን ሐኪምና ከአሠሪው ደብዳቤ እንዲያመጣ ነገረችው። በቀጠሮው ቀን ሜርቭ ጥፋቱን አመነ፣ እሷም ቆማ ሳንቲም እንዳላተረፈ፣ ወገቡንም ኖሊንንም ለዳኛው አስረዳች። እኔ ለቅሶዬ መጣ። ከጓደኞቹ አንድም ሰው አልመጣም። ፈርተው ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ተናድጃለሁ።

ዳኛው አላሰሩትም። ለአንድ ዓመት ጥፋት እንዳይገኝበት አስጠንቅቀው ለቀቁት። ዕፅ ወስዶ በመንዳቱ ግን መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ነጠቁት።

ዴስፒና እጁን ጨብጣ «እንኳን ደስ አለዎት» ስትለው፣ ሜርቭ «ኖሊንን ማን ያደርሳታል?» አላት። እኔ አንድ ቀን ባንኮኒዬን ጥዬ ብሄድ፣ ሦስት ቀን ከየት አመጣለሁ?

የዚያኑ ቀን ሲመሻሽ ሸላቾቹ ባንኮኒዬ ላይ ተደርድረዋል። «ቅጂ እንጂ!» አለኝ አንዱ። እጄን አጣመርኩ።

«ተራው የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ቢራውን አይደለም የጠየቅኩት። ነገ ጠዋት ኖሊን ዱቦ ትሄዳለች። ተራው የማን ነው?»

ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። ዳሪል ተነሥቶ እንደ ልማዱ ወደ ሽንት ቤት አመራ።

«ሂድ እንጂ፣ ሂድ! እሱን ታውቅበታለህ!» ብዬ ጮኽኩበት። አልተመለሰም። የዚያን ቀን ለማንም አልቀዳሁም።

በማግስቱ የሆነውን የነገረኝ ሜርቭ ነው። ገና በማለዳ ከአጥሩ ውጭ ጥሩንባ ሰምቶ ሲወጣ የዳሪልን መኪና አየ። የፊቱ ወንበር ተጠርጓል፣ ለኖሊን ወገብ ትራስ ተቀምጦበታል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለው ሜርቭ።

ዳሪል መሪውን እንደያዘ፣ ቀና ብሎም ሳያየው «ተራዬ ነው» አለ። «ትምጣ በላት፣ እንዳይረፍድባት።»