ሞርሳ አይሽከረከርም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ይኸነው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «የወጣ ዕቃ ተመዝግቦ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ሌላ ሕግ የለም» አሉኝ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሻካራውን ሞረድ ከለስላሳው በጣቴ እየዳሰስኩ ለየሁ። ደብረ ማርቆስ በሚገኘው በዚያ የሙያ ማሠልጠኛ እስከ ጡረታዬ ስሠራ አንድም መጋዝ አልጠፋብኝም። ፈሪ ነኝ፤ ቆልፌም ተመልሼ አያለሁ።

በየዓመቱ የጉብኝት ቀን ነበረን። ከከተማውም፣ ከቁይና ከጉንደ ወይን ከተሞችም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሙያ ሊያዩ ይመጣሉ። ብረት በሞርሳ አስሮ በሞረድ የሞከረውን ተማሪ አሠልጣኙ አይቶ ስሙን ይጽፋል። የተጻፈው ክረምት መጥቶ ይሠለጥናል። ሳይነካ የሄደ አይጻፍም።

ወለሉ ላይ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ቶርኖና ሞርሳዎቹን የሚከልል ቢጫ መስመር አለ። ወንዶቹ አልፈውት ይገባሉ። ሴቶቹን ግን፣ ሰው ፊት ሊቀርቡ ነው ተብሎ፣ እናቶቻቸው ቀሚስና ነጠላ አልብሰው ይልኳቸዋል። በነጠላ መስመሩን ማለፍ ክልክል ነው። ለቶርኖው ልክ ነው፤ የሚሽከረከር ብረት ጨርቅ ከያዘ አንገት ይዞ ይሄዳል። ሞርሳው ግን ጠረጴዛ ላይ የታሰረ መቆንጠጫ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ይህን ለዓመታት እያየሁ ዝም አልኩ።

አንድ ዓመት የልጄ የውባለም ክፍል ተራ ደረሰ። ነጠላዋን ራሴ አለበስኳት። «ምንም እንዳትነኪ» አልኳት፣ ሦስት ጊዜ።

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከመስመሩ ወዲህ ተደረደሩ። አንዱ ወንድ ሞረዱን እንደያዘ ዞሮ፣ «እናንተ ለሠርግ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አላቸው።

«ሠርግ ቢሆንማ አንተን ማን ይጠራሃል» አለችው ውባለም። ሳቁ። እሱ ግን ተጻፈ።

አቶ ይኸነው ዘንድ ሄድኩ። «መደርደሪያው ላይ አሥራ ሁለት ቱታ አለ። ላልብሳቸው?»

«እሱ ለእንግዳ ነው፣ ስንዱ።»

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«ተማሪ ናቸዋ። ደግሞ ልጅሽን ነጠላ ያለበስሻት አንቺ ነሽ፤ እኔን ምን ትይኛለሽ?»

ፊቴ ነደደ፤ እውነታቸውን ነበርና። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ቱታዎቹን በሴቶቹ ስም መዝግቤ አወጣሁና አለበስኳቸው፤ ነጠላዎቹን ተቀብዬ አጣጠፍኩ።

አቶ ይኸነው እየተቆጡ መጡ። «በማን ፈቃድ?»

«ተመዝግቦ ወጥቷል፤ ማታ ይመለሳል። ሌላ ሕግ የለም ብለውኛል።»

መዝገቡን አገላበጡና ሄዱ።

ተማሪዎቹን ያመጣው አውቶቡስ እስኪነሳ አምስት ሴቶች ሞከሩ። አንዲት የቁይ ልጅ የሞረደችውን ብረት አሠልጣኙ የማዕዘን መለኪያ አስጠግቶ ሲለካው ቀጥ ብሎ ተገኘ። አምስቱም ተጻፉ።

ውባለም ቱታውን ለብሳ መስመሩ ላይ ቆማ ነበር። «ግቢ እንጂ» አልኳት።

«አትንኪ ብለሽኛል፣ እማዬ» አለች። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ስሟ አልተጻፈም።

በአቶ ይኸነው ተናደድኩ። ቱታዎቹን ለዓመታት አጥቤ እያጣጠፍኩ በቆለፍኩባቸው በራሴ እጆች ግን የበለጠ ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ከዚያ ወዲህ በጉብኝት ቀን ቱታዎቹን በሩ ላይ እሰቅል ነበር።

ዕቃ ቤት ለምትረከቡ የምለው ይህን ነው። ነጠላ ለቶርኖ አደጋ ነው። ሞርሳ አይሽከረከርም። ቱታ የሚሰፋው እንዲለበስ ነው።